የድልድዩ ድንጋይ

እናንተ መሥሪያ ቤት የዓለምን ግንባታ ሁሉ በስልኩ የሚከታተል ሰው የለም? እኛ ጋ፣ መርሳ ከተማ፣ ስዩም አለልን። ባሕር ላይ የተዘረጋ ድልድይ፣ ተራራ የበሳ ዋሻ፣ በረሃ ላይ የሚገነባ ከተማ ሁሉ በእሱ በኩል ያልፋል። «ምሰሶው ቆመ!» ሲለን እኛም እፎይ እንላለን።

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ግን የቢሯችን በር ላይ ያለው ቦይ በዝናብ ሞልቶ መግባት አቃተን። ቦዩ ድልድይ እንዲሠራለት ከዓመታት በፊት በጭብጨባ የመሠረት ድንጋይ ተቀምጦለታል። ረጅሙ ድንጋይ ከነጽሑፉ አለ፤ ድልድዩ የለም። ቆመን ስንጠብቅ ስዩም በገመድ ስለተንጠለጠለ ድልድይ ያስረዳናል።

ለመሬት ጉዳይ የመጡት ሽማግሌ ገበሬ፣ አባ ይመር፣ ትንሽ አዳመጡት። ከዚያ ያንን ረጅም ድንጋይ ነቅለው ቦዩ ላይ አጋደሙትና ተሻገሩ።

«አባ ይመር፣ ምን አደረጉ? የመሠረት ድንጋይ እኮ ነው!» አለ ስዩም ደንግጦ።

«የምን መሠረት?»

«የድልድይ!»

«ታዲያ ምን አጠፋሁ ልጄ? ድልድይ አደረግሁት እንጂ።»

ቀጥሎ ሁላችንም በየተራ፣ ድንጋዩን ያስቀመጡትን ባለሥልጣን ስም እንዳንረግጥ እየተጠነቀቅን፣ ተሻገርን።