የእትዬ ብርቄ ሁለተኛ ዓይን

ለራሱ የሚሠራ ሰው አለቃ የለውም ያለው ማነው? እኔ ሠዓሊ ነኝ፤ ላሊበላ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቼ እዚያችው እየኖርኩ እዚያችው እስላለሁ። ጠዋት አረፈድክ ብሎ የሚቆጣኝ ኃላፊ የለም። በእሱ ፈንታ ሁለት አለቆች አሉኝ፤ አንዱ ስልኬ ውስጥ ያለው የሠዓሊዎች ማኅበር ነው፣ ሌላዋ አከራዬ እትዬ ብርቄ ናቸው። እነዚህ አለቆቼ ተገናኝተው አያውቁም ነበር። ባይገናኙ ምን ነበረበት!

ማኅበሩ በቴሌግራም የተሰባሰብን፣ ፊት ለፊት ተያይተን የማናውቅ የብሩሽ ሰዎች ነን። አንዱ አባል ራሱን «የቀለም ንጉሥ» ብሎ ሰይሟል። እስከ ዛሬ አንድም ሥዕል አላሳየንም፤ አስተያየት ግን እንደ ክረምት ዝናብ ያወርዳል። ንጉሥ ደግሞ መች በእጁ ይሠራል?

እናላችሁ አንድ ቀን እትዬ ብርቄ ግቢያቸው ፀሐይ ላይ ቁጭ ብለው ጥጥ ሲፈትሉ አየኋቸውና «ልሳልዎት?» አልኳቸው። ነጠላ ቀይረው፣ ሹሩባቸውን ዳበስ ዳበስ አድርገው፣ «አሳምረህ ታዲያ!» ብለው ተቀመጡልኝ። ብርሃኑ ጉንጫቸው ላይ አርፎ ነበርና ከጎን ሳልኳቸው። ራስን ማመስገን ነውር ሆነብኝ እንጂ ግሩም ሥዕል ነበር። ለጠፍኩት፤ ማኅበሩ በጭብጨባ ተናወጠ። የቀለም ንጉሥ ሳይቀር «ጥላው ይናገራል» ብሎ ፈረደልኝ።

ጥላው ምን እንደተናገረ የሰማሁት በማግስቱ ነው። ሥዕሉ ከስልክ ስልክ ሲዞር ጋሸና ደርሶ ኖሯል። እዚያ ምግብ ቤት ያላት የእህታቸው ልጅ ደውላ፣ «አክስቴ፣ ምን በድለሽው ነው በአንድ ዓይን የሳለሽ?» አለቻቸው።

በእኛ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ ሁለት ዓይኑን አፍጥጦ ፊት ለፊት ያያል። በጎኑ ዞሮ በአንድ ዓይን የሚሳለው ይሁዳና ሰይጣን ነው። ይህን እዚህ አገር ያደገ ሰው ሁሉ ያውቃል። እኔስ አላውቅም? አውቃለሁ እንጂ። ግን ጭብጨባ የጠማው ሰው እንኳን ሥርዓቱን ስሙንም ይረሳል።

እትዬ ብርቄ እንዝርታቸውን እንደ ጦር ይዘው ገቡ። ጾም ሳያጓድሉ፣ አሸተን ማርያም ድረስ ያን ዳገት በእግራቸው እየወጡ ሲሳለሙ ኖረው፣ በስተርጅና ከይሁዳ ጎራ መመደባቸውን ለጎረቤት ሁሉ በሚሰማ ድምፅ አስረዱኝ።

«እትዬ፣ ሁለተኛው ዓይንዎ እኮ አለ፤ በወዲያ በኩል ስለሆነ ነው የማይታየው» አልኳቸው።

ሸራውን አነሡና ገልብጠው ጀርባውን ፈተሹ። «የታለ?» አሉኝ። የቀጠለው ፍርድ አጭር ነበር፤ «ወይ ዓይኔን መልስ፣ ወይ ቤቴን ልቀቅ!»

ያቺ ክፍል መኝታዬም እንጀራዬም ናት፤ የገና በዓል ደርሶ እንግዳ ከተማውን ሊሞላው ሲል ሌላ ቤት ከየት ይገኛል? ለማኅበሬ አቤት አልኩ። «ጥበብ አትንበረከክም!» አለ አንዱ። «እንዳትነካው፣ ታገል!» አለ የቀለም ንጉሥ። «እሺ፣ ብባረር ማን ጋ ልግባ?» ብዬ ስጠይቅ ግን ሁሉም ጸጥ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። ታጋዩም እኔ፣ ሜዳ ላይ የማድረውም እኔ!

ሌላ ሸራ ወጠርኩ። ፊት ለፊት ሳልኳቸው፤ ለካሳም ጭምር ዓይናቸውን ትልልቅ አደረግሁት። ሲያዩት እልል አሉ፤ ለጋሸናዋም ፎቶው ተላከላት። ክፍሌ ጸናችልኝ፤ እውነቱን ለመናገር የእሳቸው እልልታ ከማኅበሩ ጭብጨባ በለጠብኝ። ማኅበሩ «ወደ ኋላ ተመለስክ» ብሎ ቅር ብሎታል። ይበለው።

ከእርቃችን በኋላ እትዬ ብርቄ ንፍሮ ይዘውልኝ መጡና፣ «እስቲ እነዚያን ዓይኔን ያስጠፉብኝን ሰዎች አሳየኝ» አሉ። ስልኬን ስከፍት መጀመሪያ የመጣው የእኔው ገጽ ነው። አናቱ ላይ ፎቶዬ አለ፤ ሠዓሊ መምሰል አለብኝና አገጬን በእጄ ደግፌ፣ ወደ ተራራው ዞሬ፣ በጎን የተነሣሁት። ፎቶውን አዩ፤ እኔን አዩ፤ ደግመው ፎቶውን አዩ። ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ ፊታቸው በሐዘኔታ ተሞላ። ስልኩን በቀስታ መለሱልኝና ትከሻዬን መታ መታ አድርገው፣

«ምነው ልጄ፣ ይኼን ያህል ነው እንዴ ኃጢአትህ? አይዞህ፣ ለንስሐ አባቴ እነግርልሃለሁ» አሉኝ።