የአሮጊቷ መርከብ የሕይወት ታሪክ

ሰው የሚያውቀውን ነገር በሁለት ቃል ይጨርሰዋል፤ ክርክር የሚጥመው በማያውቀው ነገር ላይ ነው። ካላመናችሁኝ የኛን ብሎክ ጠይቁ። ልደታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት፣ ሊፍቱ ላይ «ጥገና ላይ ነው» የሚል ወረቀት ተለጥፎ ወረቀቱ ራሱ አርጅቶ ሁለት ጊዜ በተቀየረበት ሕንጻ፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ የተከራከርነው ስለ ምን መሰላችሁ? ስለ መርከብ። ባሕር አይቶ የማያውቅ ሰው ሁሉ ጀሪካኑን ደረጃ ላይ አስቀምጦ፣ ትንፋሹ እስኪመለስ ድረስ፣ ትልቅ ይሻላል ትንሽ እያለ ይመክረኝ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ ታደሰ እባላለሁ፤ የሰፈሩ ሰው ጋሽ ታደሰ ይለኛል። ዕድሜዬን መዝገብ ቤት ጨርሼ ጡረታ የወጣሁ፣ ከባለቤቴ ከጥሩነሽ ጋር ሰባተኛ ፎቅ ላይ የምኖር ሰው ነኝ። አንድ ጥፋት አለብኝ፤ የእጅ ጽሑፌ ያምራል። በዚህ ጥፋቴ የዕድራችን ጸሐፊ አደረጉኝ። የዕድር ጸሐፊ ስም መዝግቦ የሚያርፍ እንዳይመስላችሁ። ሰው በሞተ ቁጥር የሟቹን የሕይወት ታሪክ ጽፌ ቀብር ላይ የማነበው እኔ ነኝ። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሰፈራችን ሰው የተሸኘው በኔ እጅ ጽሑፍ ነው።

የሕይወት ታሪክ መጻፍ ቀላል ነው የሚል ካለ ይምጣና ይሞክረው። መግቢያው ያው ነው፤ ከአባታቸው ከአቶ እገሌ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት ተወለዱ፤ ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ትምህርት ቤት ገቡ። መከራው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ቤተሰቡ ዓይኑን እያባበሰ ይመጣና «ያው ጋሼ፣ እንደሚሆን አድርገው ያሳምሩልን» ይላል። አሳምራለሁ። ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ ሠላሳ ዓመት የሰው ሰላምታ መልሶ የማያውቀውን ሰውዬ «ሰው አክባሪ፣ ለተቸገረ ደራሽ» ብዬ ሳነብ፣ ሚስቱ ከለቅሶዋ ቀና ብላ፣ የማን ቀብር ላይ ነው ያለሁት በሚል ዓይን አይታኛለች። ምን ላድርግ? ይኸው ስንት ዓመቴ፣ አንድ ክፉ ሰው ቀብሬ አላውቅም።

ባለፈው ክረምት ግን ደከመኝ። በአንድ ሳምንት ሦስት ቀብር ሆነ። ሦስተኛው ላይ፣ ልደታ ማርያም ግቢ ውስጥ፣ ዝናቡ ወረቀቴን እያረጠበው ቆሜ ሳነብ ለቀስተኛው ሲያጉረመርም ይሰማኛል። ለካስ የዕለቱ ሟች ወንደላጤ አናጺ ነው፤ እኔ የማነበው የማክሰኞዋን የወይዘሮዋን ነው። «ሰባት ልጆች ወልደው አሳድገዋል» እስክል ድረስ ማንም አላቆመኝም። የሟቹ ወንድም እንኳ ሲጠየቅ፣ ከኛ የደበቀው ነገር ያለ መስሎኝ ነው አለ።

ይህን ጥሩነሽ ለልጃችን ነገረቻት። ሳባ ዱባይ ነው የምትሠራው። ስቃ ስቃ ሲበቃት ስልኩን ለአባዬ ስጪው አለች። ምን እንደምፈልግ ጠየቀችኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ምንም ልጄ፣ ጤናሽን ብቻ፣ እላለሁ። ያን ቀን ግን ከአፌ አመለጠኝ።

«ሰው የማይሞትበት አምስት ቀን» አልኳት።

ልጅ ይባረክ። በሳምንቱ ለአምስት ቀን የባሕር ሽርሽር ሁለት መርከብ አማርጣ ፎቶ ላከችልን። አንደኛው አዲስ ነው፤ ፎቁ ቢቆጠር ከኛ ብሎክ ሁለት እጥፍ ይበልጣል፤ ገበያ አለው፣ መዋኛ አለው፣ ልጆች እየጮኹ የሚንሸራተቱበት ቧንቧ አለው፣ ስድስት ሺህ ሰው ይጭናል። ሁለተኛዋ አሮጌ ናት። ትንሽ ናት፤ ነጭ ቀለም ተቀብታለች፣ ግን ከቀለሙ ሥር ዕድሜዋ ይታወቃል፤ የምትጭነው ሦስት መቶ ሰው ነው።

ክርክሩ እዚህ ላይ ጀመረ። ምድር ቤት ሱቅ ያላቸው የዕድራችን ዳኛ ሐጂ ሰይድ፣ ወደ መካ ሲሄዱ ባሕሩን ከአውሮፕላን መስኮት አይተውታልና በብሎካችን የባሕር ነገር ከሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም፤ ትልቁን ያዝ አሉኝ። ትንሽ ዕቃ ማዕበል ይጫወትበታል፤ ወላሂ እኔ በዓይኔ ያየሁትን ውሃ ብታየው ትንሽ ነገር ላይ እግርህን አታሳርፍም አሉ። ጥሩነሽም ከሳቸው ጋር ወገነች። «አሮጌ ለማየት ባሕር ድረስ ምን አስኬደኝ? ቤቴ አለልኝ አይደል?» አለች እኔን እያየች።

እኔ ግን ሰባተኛ ፎቅ የሚኖር ሰው ነኝ። ትልቅና አዲስ ነገር ምን እንደሆነ ጉልበቴን ጠይቁት። ቁልፉን የተረከብን ዕለት ሊፍቱ እንዴት ያበራ ነበር! እውነቱን ለመናገር ግን ዋናው ምክንያቴ ሊፍቱ አልነበረም። የመዝገብ ቤት ሰው ሒሳብ ሠራሁ። ስድስት ሺህ ሰው ባለበት አምስት ቀን ሙሉ አንድ ሰው ሳይሞት ይውላል? አይሆንም። ሦስት መቶ ሲሆን ግን ዕድል አለ። ሰው ካነሰ ሞት ያንሳል፤ ይኸው ነው። ሒሳቤን ለጥሩነሽ ብነግራት፣ አንተ ሰውዬ እውነትም ዕረፍት ያስፈልግሃል አለችና ተሸነፈችልኝ። ከአሮጌዋ መርከብ ፎቶ ሥር በደቃቁ የተጻፈ ነገር ነበር፤ እሱን ማን ያነባል? ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚባለው ለኔ ነው።

አሮጊቷ ላይ ተሳፈርን፤ ሦስት ቀን ገነት ገባሁ። በመርከቧ ላይ ሁለት ደረጃ ብቻ ነው የምወጣው። ምግብ ቤቱ አንድ ነው፤ ዛሬ የት እንብላ ብሎ ጭቅጭቅ የለም። ጥሩነሽ ከጠዋት ጀምሮ ነጠላዋን ተከናንባ ባሕሩን ታያለች፤ ይሄ ሁሉ ውሃ እያለ እኛ ቤት በሳምንት ሁለት ቀን እያለች ታዝናለች። እኔ ወንበሬ ላይ ተዘርግቼ እተኛለሁ። ሦስት ቀን ሙሉ ማንም በሬን አላንኳኳም፤ ማንም አልሞተም። እንዲህ ሰውነቴ ሲፈታ ትዝ አይለኝም።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ጥሩነሽ መጥታ ቀሰቀሰችኝ። ከጎናችን ክፍል ያለው ሽማግሌ ትናንት ምሳም እራትም ላይ አልነበረም አለችኝ። ጥሩዬ፣ እዚህ ልደታ አይደለም፤ ሰው እንደፈለገ ይበላል፣ እንደፈለገ ይተዋል አልኳት። ሰምታኝም አልሰማችኝም፤ ከምግብ ቤቱ አራት ብርቱካን በፌስታል ይዛለች። ባዶ እጅ በሽተኛ አይጠየቅማ። እኔስ ምን ልሁን? ሚስቴ በሽተኛ ስትጠይቅ ተኝቼ ልቀር ነው? እየተነጫነጭኩ ተከተልኳት። አንኳኳች። ገባን። አልጋው ላይ አንድ ቀጭን የህንድ ሽማግሌ ተጋድሟል። ልብሳችንን፣ ነጠላዋን፣ ፌስታሉን አየና ፊቱ በራ።

«ቁጭ በል!» አለን፣ ጥርት ባለ አማርኛ።

ደንግጠን ቁጭ አልን። ለካስ ሚስተር ኩሪያን የሚባለው ይህ ሰው በወጣትነቱ ጅማ ሒሳብ አስተማሪ ነበር። አማርኛውን የተማረው ክፍል ውስጥ ስለሆነ የቀረለት ቁጭ በል፣ ዝም በል፣ ጻፍ፣ ውጣ የሚለው ነው፤ ሌላውን በእንግሊዝኛ ይሞላዋል። ጥሩነሽንም ቁጭ በል ነው የሚላት። ባሕሩ ሆዱን አገላብጦት ነበር፤ ብርቱካኑን ስትልጥለት እያየ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ሚስቱ ሞታበታለች፤ አንድ ወንድ ልጅ አለው፣ ሩቅ አገር ነው፣ ለበዓል ይደውላል። ከምግብ መቅረቱን ከጥሩነሽ በቀር ያስተዋለ ሰው አልነበረም። ጥሩነሽ ደግሞ አፏ አያርፍም፤ እኔ አገሬ ላይ ምን እንደምሠራ አንድ በአንድ ነገረችው። ሰውየው ብርቱካኑን አስቀምጦ ጣሪያ ጣሪያውን እያየ ሰማት።

ያን ዕለት ለምሳ ደግፈን አወጣነው። ሁላችንም እንደተቀመጥን ካፒቴኑ ተነሥቶ ንግግር ጀመረ። የምግብ ቤቱ ሰዎች ሁሉ ከኩሽና ወጥተው ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ፤ ሽማግሌው ወጥ ቤት በሽርጡ ፊቱን ይጠርጋል። ምን እያለ ነው ብዬ ሚስተር ኩሪያንን ጠየቅሁት። መርከቧ አርጅታለች፣ ይሄ የመጨረሻ ጉዞዋ ነው፣ ከነገ ወዲያ ወደሚያፈራርሷት ቦታ ትሄዳለች አለኝ። ለካስ በደቃቁ የተጻፈው ይህ ነበር።

ጥሩነሽ ቀስ ብላ ወደኔ ዞረች። «ሦስት መቶውን ሰው ቆጠርክ» አለችኝ፣ «እሷን ሳትቆጥር።»

አንገቴን ደፍቼ ሾርባዬን ስጠጣ ሚስተር ኩሪያን ብድግ ብሎ ክፍል ውስጥ እንዳለ አስተማሪ ጠረጴዛውን በእጁ መታ። ይህ ሰው በአገሩ የሟቾችን ታሪክ የሚያነብ ታላቅ ሰው ነው ብሎ ለካፒቴኑ ነገረልኝ። ካፒቴኑ ወደኔ መጣ፤ ቆቡን አውልቆ እጁ ላይ ያዘ። እኔ ደግሞ ሐዘንተኛ ፊቴ ቆሞ እምቢ ማለት አልፈጠረብኝም። ወረቀት አምጡልኝ አልኩ።

የሟች ቤተሰብን የምጠይቀውን ሁሉ በሚስተር ኩሪያን አስተርጓሚነት ካፒቴኑን ጠየቅሁት። የት ተወለደች? ስሟ ማን ነበር? ክፉ ቀን አይታለች? በጉዞዋ ላይ ሰው ጠፍቶባት ያውቃል? ይህን የመጨረሻውን ስጠይቀው ካፒቴኑ ቆቡን ደረቱ ላይ አስጠጋ። አንድም ሰው አልጠፋባትም አለኝ።

በማግስቱ ጠዋት ሰው ሁሉ ተሰበሰበ። ጥሩነሽ ቀድማ ወንበሩን እንደ ለቅሶ ድንኳን ፊት ለፊት አስደርድራዋለች። እኔ በአማርኛ አነበብኩ፤ ሚስተር ኩሪያን እየተከተለ ወደ እንግሊዝኛ መለሰው። «በሰሜን አገር ባለ አንድ ብርዳማ ወደብ፣ ከአባቷ ከብረት፣ ከእናቷ ከእሳት ተወለደች። ዕድሜዋ ለባሕር ሲደርስ ውሃ ገባች። ስሟን ሦስት ጊዜ ቀይረውባታል፤ አንድም ጊዜ አልጠየቋትም። ትልልቆቹ የማይገቡበት ጠባብ ወደብ ሁሉ ገብታ ሰው አገናኝታለች። እንግዳ ተቀባይ ነበረች። የተቀበለችውን ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ መልሳለች።»

እዚህ ላይ አለቀስኩ። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሳነብ አልቅሼ አላውቅም፤ ጸሐፊ ካለቀሰ ማን ያነባል? ያን ቀን ግን «እንግዳ ተቀባይ» የሚለውን ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ ሳላፍር ነው ያነበብኩት፤ እሱ ነው ያስለቀሰኝ። ጨርሼ ስቀመጥ ሰዉ ተሰልፎ እየመጣ እጄን ጨበጠ፤ እኔን የመርከቧ ወንድም አድርገው አጽናኑኝ። ጥሩነሽ ከጎኔ ተቀምጣ ለእያንዳንዱ አሜን ትላለች።

ወደቡ ላይ ስንለያይ ሚስተር ኩሪያን ስልክ ቁጥሬን ተቀበለኝ። «የኔንም ጻፍ» አለኝ፣ የቤት ሥራ እንደሚሰጥ ሰው። ልጁ አባቱ ዕድሜውን በምን እንደጨረሰ አያውቅም፤ ሲሞት ማንም የሚያነብለት የለም፤ ካነበቡለትም እሱ አይሰማም። እሺ አልኩት። ወደብ ላይ እሺ የማይል ማን አለ?

ልደታ ስንደርስ ደረጃው እንደተወነው ነው። ሐጂ ሰይድ ከሱቃቸው ወጥተው እንኳን በደህና ገባችሁ ካሉ በኋላ፣ አምስቱን ቀን በሰፈራችን የሞተ ሰው እንደሌለ ነገሩኝ። አያችሁ? ሰው የማይሞትበት አምስት ቀን ልደታ ነበረ፤ እኔ አልነበርኩም። ወሩ ሳያልቅ ስልኬ ጮኸ፤ ቁጥሩ የውጭ አገር ነው። የሚስተር ኩሪያን ልጅ ነው የሚደውለው፣ ሰውየው ሄዷል አልኩና ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ትቼው አፈጠጥኩበት። ካላነሳሁት ሰውየው አልሞተም። ሁለተኛ ጮኸ። በሦስተኛው ጥሩነሽ አንሥታ ጆሮዬ ላይ ለጠፈችው።

ራሱ ሚስተር ኩሪያን ነው። ትናንት አንድ ነገር ትዝ ብሎት ነው፤ ጅማ በስፖርት ቀን ከአስተማሪዎች ሩጫ ሁለተኛ ወጥቶ ነበር፣ ይግባልኝ አለ። አስገባሁለት። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ይደውላል። አንዱን ይጨምራል፣ አንዱን ይሰርዛል፤ ባለፈው ደግሞ ሩጫውን አንደኛ አድርገው ብሎኝ ተጣልተናል። የልደታ ሙታን ሁሉ ተደምረው እንደዚህ ሰውዬ አልነዘነዙኝም።

እውነቱን ልንገራችሁ? ጽሑፉ ካለቀ ቆይቷል። በጥሩ እጅ ጽሑፍ ተገልብጦ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል። ባለፈው ቅዳሜ አለቀ ወይ ብሎ ሲጠይቀኝ ግን ገና ነው አልኩት። በሚቀጥለውም ቅዳሜ ገና ነው እለዋለሁ።

«ሰነፍ ተማሪ!» ብሎ ስልኩን ዘጋብኝ። እንዲህ ደስ ብሎት የሰደበኝ ሰው የለም።