ቮልሷ ቆማለች

[ላሊበላ፣ ወደ አሸተን ማርያም የሚያወጣው መንገድ ዳር። ቀለሟ ገና ያልደበዘዘ አሮጌ ሰማያዊ ቮልስ አፍንጫዋን የጭድ ክምር ውስጥ ቀብራለች። ወርቅአገኘሁ ዕድሜውን በሹፌርነት የገፋ ሰው ነው፤ ቮልሷን ከወደቀችበት አንሥቶ ብቻውን አድሷታል። የእህቱ ልጅ ደግሰው ነገ ያገባል፤ ሙሽራዋን የምታመጣውም ይህችው ቮልስ ናት። ሁለቱም ጭዱን ከፀጉራቸው እያራገፉ ይወርዳሉ።]

ወርቅአገኘሁ፦ ቆማለች አልሁህ።

ደግሰው፦ ቆማለች ጋሼ። ያቆማት ጭዱ ነው አልሁ እንጂ።

ወርቅአገኘሁ፦ ፍሬን ረግጫለሁ።

ደግሰው፦ አይቻለሁ፤ በሁለት እግርዎ ነው የረገጡ። እኔም ከጎንዎ ሆኜ ረግጫለሁ።

ወርቅአገኘሁ፦ አንተ ጋ ፍሬን የለም።

ደግሰው፦ እግሬ ይህን አያውቅም።

ወርቅአገኘሁ፦ መኪና እንደ በሬ ቁም ስትለው ቀጥ አይልም። ትንሽ ያስባል።

ደግሰው፦ ነገ ከገነተ ማርያም ይማርሽን ይዘን ስንመለስ የት የት ላይ ነው የምታስበው? አባቷ ቄስ ወልደ ሩፋኤልም ከፊት እቀመጣለሁ ብለዋል። ሚስቴንና አማቴን ገና በመጀመሪያው ቀን ገደል ልክተታቸው?

ወርቅአገኘሁ፦ ስለዚህ አይደል ዛሬ የምንፈትሻት? ስማ። ፍሬን የሚደክመው በሦስት ነገር ነው። ወይ ዘይቱ አንሷል፣ ወይ ቱቦው ውስጥ አየር ገብቷል፣ ወይ ነጂው መንዳት አይችልም። የመጨረሻውን ተወው። ዘይቱ ሙሉ ነው። የቀረው አየር ነው።

ደግሰው፦ እንዴት ሊገባ ቻለ? መስኮቱን ዘግተን ነው የመጣነው።

ወርቅአገኘሁ፦ ዝም ብለህ ግባ። ርገጥ ስልህ ርገጥ፣ ልቀቅ ስልህ ልቀቅ።

[ወርቅአገኘሁ ቮልሷን በኋላ ማርሽ ወይራ ዛፍ ወዳለበት አፋፍ ይመልሳታል። ጎማዋን በድንጋይ ካስደገፈ በኋላ ከሥሯ ይገባል፤ ደግሰው መሪው ጋ ይቀመጣል።]

ወርቅአገኘሁ፦ ርገጥ።

ደግሰው፦ ረገጥሁ።

ወርቅአገኘሁ፦ ምንም የለም። ልቀቅ። አሁን ርገጥ።

ደግሰው፦ ረገጥሁ።

ወርቅአገኘሁ፦ የትኛውን ነው የምትረግጠው?

ደግሰው፦ ሦስት ናቸው። አንዱን ብቻ እንዳላደክመው በየተራ ነው።

ወርቅአገኘሁ፦ የመሐሉን ርገጥ፣ የመሐሉን።

ደግሰው፦ አሁን ሊደርሰው ነበር።

[ብዙ ተረግጦ ብዙ ከተለቀቀ በኋላ ወርቅአገኘሁ ፊቱ ጠቁሮ ከሥር ይወጣል።]

ወርቅአገኘሁ፦ አየሩ ወጥቷል። ሸራውን ማየት አያስፈልግም፤ እሱን ባለፈው ሳምንት በእጄ ሠርቼዋለሁ።

ደግሰው፦ ሸራው ምኑ ነው?

ወርቅአገኘሁ፦ ፍሬን ስትረግጥ ጎማውን ከውስጥ ጭምቅ አድርጎ የሚይዘው። ሲይዝ ይጮኽ ነበር። በቅዳሴ ሰዓት በቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ስወርድ ጩኸቱ ዲያቆኑን ዜማ አሳተው፤ ካህናቱ ተቆጡኝ። አራቱንም ጎማ ፈትቼ ሸራውን ግራሶ በግራሶ አደረግሁት። ከዚያ ወዲህ ትንፍሽ ብላ አታውቅም።

ደግሰው፦ እንዳይጮኽ ግራሶ ቀቡት።

ወርቅአገኘሁ፦ ቀባሁት።

ደግሰው፦ እንዲይዝስ ምን ቀቡት?

ወርቅአገኘሁ፦ መያዝ የራሱ ሥራ ነው። እኔ የቀባሁት ጩኸቱን ነው።

ደግሰው፦ ግራሶ ግን አያንሸራትትም ጋሼ?

ወርቅአገኘሁ፦ አንተ ስትወለድ እናትህን ወደ ጤና ጣቢያ ያደረስኋት እኔ ነኝ። በመኪና።

ደግሰው፦ እርስዎ ካሉ ይሁን።

ወርቅአገኘሁ፦ ታጥቤ ልምጣ፤ ከዚያ እንሞክራታለን። ድንጋዩን ስገባ ታነሣዋለህ።

ደግሰው፦ እኔ ከውጭ ሆኜ ልያት። አቋቋሟ ከውጭ ይበልጥ ይታያል።

[ወርቅአገኘሁ ከመንገዱ ዳር ካለው ቤቱ ጓሮ ታጥቦ ይመለሳል፤ ወደ ኋላም ወደ ጎንም ሳያይ መሪው ጋ ይቀመጣል። ደግሰው ድንጋዩን ያነሣል። ቮልሷ ቁልቁል ትንደረደራለች። ወርቅአገኘሁ ፍሬን ይረግጣል። ቮልሷ ትንሽ ታስብና በድንገት ቀጥ ትላለች፤ ግንባሩ መሪውን ሊስም ምንም አልቀረው።]

ወርቅአገኘሁ፦ [አንገቱን በመስኮት አውጥቶ] አየህ?

ደግሰው፦ አየሁ ጋሼ።

ወርቅአገኘሁ፦ ልክ እዚህ ላይ ነው ላቆማት ያሰብሁት። ስንዝር አላለፈችም።

ደግሰው፦ ማለፍም አትችልም።

ወርቅአገኘሁ፦ አትችልም። ፍሬን ማለት ይህ ነው። ለአማትህ ደውልና ከፊት ይቀመጡ በላቸው።

ደግሰው፦ እደውላለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎ።

ወርቅአገኘሁ፦ ጠይቅ። ሰው እንዲህ እየጠየቀ ነው የሚማር።

ደግሰው፦ ከገነተ ማርያም እስከዚህ የሚደርስ ገመድ ከየት እናገኛለን?

ወርቅአገኘሁ፦ የምን ገመድ?

ደግሰው፦ እንዲህ ያለ። ሲታጠቡ ከኋላዋ አስሬ ጫፉን ከወይራው ጋር ያያያዝሁት። ታላቄን ፍሬንዎ አይይዝም ማለት ነውር መስሎኝ ነው።

[ወርቅአገኘሁ ቀስ ብሎ ዞሮ ያያል። ገመዱ እንደ ክራር ክር ተወጥሯል። እግሩን ከፍሬኑ ላይ አያነሣም።]

ደግሰው፦ ለአማቴ አሁኑኑ ልደውል፣ ወይስ በፊት ገመዱን ልፍታው?

ወርቅአገኘሁ፦ ሁለቱንም ተው። መጀመሪያ እኔ ልውረድ።