ሚስተር ሆትዝና አልዘጋ ያለው ቧንቧ

ድምፅ አልባ ፊልም በኦርጋን ታጅቦ በሚታይበት በየትኛውም የአዮዋ ከተማ፣ ከተጫዋቿ በላይ ኦርጋን የሚያውቅ፣ ግን አንድም ቀን ነክቶት የማያውቅ ሽማግሌ አይጠፋም። ከጠፋ ሲኒማ ቤቱ ገና አልተመረቀም ማለት ነው።

ለኦርጋን ተጫዋቿ ለሎርና ቬሴሊ በዕጣ የደረሷት ክቡር ሚስተር ዊልበር ሆትዝ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ ትራክተር ሻጭ። ቅዳሜ ቅዳሜ ቁልፍ ያዡን ቀድመው ይደርሳሉ፤ ፋንዲሻቸውን ታቅፈው ሦስተኛው ረድፍ ላይ ይሰየማሉ። ፊልሙ ሲያልቅ ሕዝቡ ያጨበጭባል። ጭብጨባ ለእሳቸው ተራ መጠበቂያ ነው።

"ጥሩ ነው ልጄ፤ ባቡሩን ግን ገና ኮረብታው ጋ ሳለ አስፏጨሽው።"

"ሚስተር ሆትዝ፣ ባቡሩ እኮ ደርሶ ነበር።"

"አንቺ ጋ ደርሶ ይሆናል።"

አንድ ጊዜ ፈረሱን በሦስት እግር እንዳስሮጠችው፣ ሌላ ጊዜ ዝናቧ ደረቅ እንደነበር ነግረዋታል። የፊልሙ የቀብር ትዕይንት ላይ አንጀት የሚበላ ዜማ ብታወጣ፣ "ሟቹን መች አወቅሽውና ነው?" አሏት።

ባለፈው ቅዳሜ የሲኒማ ቤቱ ኮሚቴ ከፊልሙ በኋላ ሊሰበሰብ ነበር፤ ኦርጋኑን አስወጥቶ፣ ሎርናንም አሰናብቶ፣ የተቀዳ ሙዚቃ ለማስገባት። ሎርና መጫወት ጀመረች። ፊልሙ ላይ ልክ ልጁ ልጅቷን ሊስም ሲጠጋ ድምፅ ከሚያወጡት የኦርጋኑ ቧንቧዎች አንዱ አልዘጋ አለ፤ ቁልፉን ብትለቀውም ጥጃዋ እንደጠፋባት ላም ይጮህ ጀመር። ሎርና ዜማውን በጩኸቱ ዙሪያ እየጠመዘዘች ስትታገል፣ የኮሚቴው ሊቀመንበር ሚስስ ፔይጅ ወደ ጎረቤቷ ዞር ብላ፣ "አየሽ?" አለቻት።

ሚስተር ሆትዝ ተነሡ። ሚስስ ፔይጅን ፋንዲሻውን አስያዟትና ከግድግዳው ጀርባ ባለው መሰላል ወደ ቧንቧዎቹ ክፍል ወጡ። ጩኸቱ ቀጥ አለ። ጥፋተኛውን ነቅለው እንደ ዓሣ አንጠልጥለው ተመለሱ።

ስብሰባው ላይ ሚስስ ፔይጅ፣ "ዊልበር፣ አንተው ራስህ በየሳምንቱ ስህተት ታወጣላታለህ" አለች። "የተቀዳ ሙዚቃ አይሳሳትም።"

"እሱን ታዲያ ምን ልለው ነው? እሷ የዛሬውን ስነግራት ለሚቀጥለው አስተካክላ ትመጣለች። አርባ ዓመት ትራክተር ስሸጥ የሰማኝ ሰው የለም።"

ኮሚቴው ሳቀ፤ ኦርጋኑም ሎርናም ባሉበት እንዲቆዩ ተወሰነ።

ሎርና ሚስተር ሆትዝን ልታመሰግናቸው ሄደች።

"ተይው ባክሽ። መሳሳሙ ላይ ቸኩለሻል። ልጁ ዓይን አፋር ነው፣ አላየሽውም?"

"ቧንቧው እየጮኸብኝ እኮ ነው።"

"እሱ ይጩህ፤ አንቺን ምን አስቸኮለሽ?"

በማግስቱ ጠዋት ባዶው ሲኒማ ቤት ገብታ ያንኑ ቦታ ቀስ አድርጋ ሞከረችው። ሚስተር ሆትዝ ልክ ነበሩ። ይህን የነገራቸው ሰው ግን ከእሷ ጋር ተጣላ ማለት ነው።