የሻሺቱ ስኬት ይዘልቅ እንደሆነ ለመወሰን የተቀመጠው ጉባኤ

ቀን፦ ቅዳሜ ግንቦት 11 ቀን 2004 ዓ.ም.
ቦታ፦ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ፣ የእድሩ ድንኳን ማስቀመጫ ክፍል
ሰዓት፦ ለ8፡00 ተጠርቶ በ9፡20 ተጀመረ

የተገኙ፦
1. አቶ አለምሰገድ፣ የሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድናችን ኮሚቴ ሊቀመንበር (የባጃጅ መለዋወጫ ነጋዴ)
2. አቶ ሰይፈሥላሴ፣ የቡድኑ አሰልጣኝ
3. ወ/ሮ ብርቅዬ፣ አባል (ሙዝ ነጋዴ)
4. አቶ ኦይታ፣ አባልና የአገር ሽማግሌ (የጨንቻ ሸማኔ)
5. ወ/ሮ ወለቴ፣ ጸሐፊ

ያልተገኙ፦ አቶ ሀብተሚካኤል፣ ለቅሶ ሄደው። አቶ ይፍሩ፣ ያለ ምክንያት። ምክንያት እንዲያቀርቡ ባለፈው ስብሰባም ተወስኖባቸው ነበር።

ምልዓተ ጉባኤ፦ ከሰባት አባላት አምስት ስለሚያስፈልግ ሞልቷል። ወ/ሮ ብርቅዬ ግን ደንበኛ ስለሚጠብቃቸው በማንኛውም ሰዓት ምልዓተ ጉባኤውን ይዘው ሊሄዱ እንደሚችሉ አስጠንቅቀዋል።

«ልዩ ልዩ ጉዳዮች» የሚለው አጀንዳ ባለፈው ጠብ ስላስነሳ ተሰርዟል።

አጀንዳ 1፦ ተጫዋች ሻሺቱ በድንገት ያገኘችው ስኬት ይዘልቃል ወይስ አይዘልቅም

ሊቀመንበሩ ጉዳዩን አስረዱ። የላንቴ መንደር ልጅ ሻሺቱ አራት ዓመት ሙሉ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ሆና የጓደኞቿን ልብስና የውሃውን ጀሪካን ስትጠብቅ ቆይታለች። ከሦስት ሳምንት በፊት ሁለት ተሰላፊዎች በፋውል ወጡ፤ ሦስተኛዋን ሆዷን አመማት፤ ሌላ ሰው በመጥፋቱ ሻሺቱ ገባች። ከዚያ ወዲህ በተደረጉት ጨዋታዎች ከቡድኑ ነጥብ ከግማሽ በላይ ያገባችው እሷ ናት። ነገ እሑድ የክልሉን ቡድን የሚመርጡ ሰዎች ከሐዋሳ ይመጣሉ፤ የሚመጡትም በዓመት አንዴ ነው። ልጅቷ የአሥረኛ ክፍል ፈተና ስላልሆነላት፣ ነገ ካልታየች በዚያው ወደ አባቷ የሙዝ ማሳ እንደምትመለስ ወ/ሮ ብርቅዬ አክለዋል።

አሰልጣኙ ስኬቱ የበልግ ዝናብ ነው፣ ወርዶ ያባራል አሉ። «አራት ዓመት ሙሉ ያላየሁት ችሎታ በሦስት ሳምንት ከየት ይመጣል?» ሲሉም ጠየቁ። ወ/ሮ ብርቅዬ አሰልጣኙ ዓይናቸውን እንዲታዩ ሐሳብ አቀረቡ። ሐሳቡ ደጋፊ ቢያገኝም በጀት ስላልተያዘለት ታለፈ።

ወ/ሮ ብርቅዬ በመቀጠል ሙዝ ጓዳ ገብቶ በአንድ ሌሊት ቢጫ ሲሆን ያየ ሰው በአንድ ሌሊት በሰለ ይላል፤ ግንዱ ላይ ስንት ወር እንደከረመ ግን ገበሬው ያውቃል አሉ። ሊቀመንበሩ ይህን ተቀብለው፣ ቢጫ የሆነ ሙዝም በሳምንቱ እንደሚጠቁር አሳሰቡ። ወ/ሮ ብርቅዬ የሚጠቁረው እንደ እርስዎ ያለ ገዢ እየጨመቀ ሲመርጠው ነው አሉ። ከዚህ በኋላ ውይይቱ ለረጅም ጊዜ ስለ ሙዝ ሆነ።

አቶ ኦይታ፣ ለመሆኑ ልጅቷ አራት ዓመት የተቀመጠችው በማን ትእዛዝ ነው ብለው ጠየቁ። የ2000 ዓ.ም. ቃለ ጉባኤ ተፈልጎ ተነበበ። «ሻሺቱ ለጊዜው ትቀመጥ» ይላል። ጊዜው መቼ እንደሚያበቃ አልተጻፈም፣ ማንም መልሶ አላነሳውም። የእጅ ጽሑፉ የጸሐፊዋ ነው።

ውሳኔ፦ ከረጅም ውይይት በኋላ ስኬቱ ይዘልቃልም አይዘልቅምም ተብሎ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ።

አጀንዳ 2፦ እንዲዘልቅ ምን ይደረግ

አሰልጣኙ ባለፉት ጨዋታዎች የነበረው ሁሉ ሳይነካ እንዲደገም ጠየቁ። ይኸውም ልጅቷ ያንኑ የተቀደደ ጫማ እንድታደርግ፣ ሦስተኛዋን ተጫዋች ሆዷን እንዲያማት፣ እሳቸውም ከጨዋታው በፊት እንደ ልማዳቸው «አንቺ ቁመት ብቻ!» ብለው እንዲሰድቧት ነው። የሆድ ሕመሙን ማን ያዘጋጃል በሚለው ላይ ስምምነት አልተገኘም። ስድቡ ግን ጸደቀ።

አቶ ኦይታ ይህ የጨዋታ ሳይሆን የጎሜ፣ ሳይናዘዙት የቀረ በደል፣ ጉዳይ ነው አሉ። ሰው በድሎ ሳይናገር የሚኖር ሰው ባለበት ቤት ማሳም ልጅም አይባረክም፤ ስለዚህ ሻሺቱን የበደለ ሁሉ እዚሁ ይናገር ሲሉ አሳሰቡ። ሊቀመንበሩ ሥርዓቱ በሕገ ደንቡ እንደሌለ ገልጸው፣ አቶ ኦይታ ሲያዩዋቸው ግን አንድ ጊዜ በስሟ የመጣውን ቱታ ለዘመድ ልጅ መስጠታቸውን ተናገሩ። አሰልጣኙ ምንም በደል የለብኝም አሉ። ቀጥለው ግን በጨዋታ መሐል ለስላሳ እንድትገዛላቸው ይልኳት እንደነበር አመኑ። ወ/ሮ ብርቅዬ «ለዚያ ነዋ ሩጫ የቻለችው!» አሉ። የጸሐፊዋ ተራ ሲደርስ ጊዜ ስላልበቃ ታለፈ።

አጀንዳ 3፦ ነገ ትሰለፍ ወይስ ትቀመጥ

ሊቀመንበሩ ነገሩን እንዲህ አቀረቡት። ስኬቷ ካልዘለቀ በሐዋሳ ሰዎች ፊት እናፍራለን። ከዘለቀ ደግሞ ይወስዷታል፣ ቡድናችን ባዶ ይቀራል። ስለዚህ በሁለቱም መንገድ መቀመጧ ይሻላል። ያልተነካ ነገር አያልቅም።

ብትሰለፍ የማንን ቦታ ትወስድ እንደነበር ሲጠየቅ፣ አሰልጣኙ የአምበሏን የብሩክታዊትን ነው አሉ። ብሩክታዊት የሊቀመንበሩ ልጅ መሆኗ ከውሳኔው ጋር ምንም ግንኙነት እንደሌለው ሊቀመንበሩ ራሳቸው ሳይጠየቁ አረጋገጡ።

ውሳኔ፦ ከረጅም ውይይት በኋላ፣ ስኬቱ እንዳይባክን ሻሺቱ ነገ ለጊዜው ትቀመጥ ተብሎ በሦስት ድምፅ ተወሰነ። ወ/ሮ ብርቅዬ ተቃወሙ። ጸሐፊዋ ድምፅ አልሰጠችም፤ በተለመደው አሠራር ዝምታዋ እንደ ድጋፍ ስለተቆጠረ ሦስተኛዋ እሷ ናት። አቶ ኦይታ በጎሜ የተቀመጠ ጉባኤ ላይ እጅ አላወጣም ብለዋል።

ሻሺቱ ተጠርታ ውሳኔው ተነገራት። «አባባ፣ ኳስ ሲሰጡኝ አገባለሁ። ይዘልቃል አይዘልቅም የሚለውን እኔም የማውቀው ስጫወት ነው» አለች። ሊቀመንበሩ ለአስተያየቷ አመሰገኑ። «እሺ፣ ልብሱን እይዛለሁ» ብላ ወጣች።

የክፍሉ በር ቆርቆሮ ስለሆነ ውጭ ያሉት ተጫዋቾች ሁሉንም ሰምተዋል። ጥቂት ቆይቶ ሳያንኳኩ ገቡ። ሁሉም በቁምጣ ናቸው፤ በእጃቸው እርጥብ ሣር ይዘዋል። በሩ ላይ ተንበረከኩ። ብሩክታዊት «አባዬ፣ ቦታው የኔ ነው፣ ለሷ ሰጥቻለሁ። አሁን ረግጣችሁን ውጡ» አለች።

ሊቀመንበሩ አቶ ኦይታን ተመለከቱ። አቶ ኦይታ እንዳስረዱት፣ በጋሞ ወግ ሣር ይዞ የተንበረከከን ሰው አልፎ የሚሄድ የለም፤ ጦር የተማዘዘ እንኳ ይመለሳል። አሰልጣኙ ሣር የሚይዘው ሽማግሌ እንጂ ቁምጣ የለበሰ ልጅ አይደለም ሲሉ የሥርዓት ተቃውሞ አቀረቡ። አቶ ኦይታ ነጥቡ ትክክል መሆኑን በሐዘን አረጋገጡ። በዚህም የልጆቹ ሣር በዕድሜ ጉድለት ውድቅ ተደረገ፣ ሊቀመንበሩም ለመውጣት ኮፍያቸውን አነሡ።

በዚህ ጊዜ ጸሐፊዋ ብዕሯን አስቀምጣ ተነሣች። የሚከተለው ከወለል ላይ ሆና ያየችው ስለሆነ ኋላ የተጻፈ ነው። ከብሩክታዊት እጅ ግማሹን ሣር ተቀብላ በልጆቹ ፊት ተንበረከከች። ወ/ሮ ብርቅዬ «እነሆ ዕድሜ! ስልሳ ሁለት ዓመት! ደግሞ አንሷል በሉ!» ብለው ጮኹ። አሰልጣኙ የጉባኤ ጸሐፊ በስብሰባ መካከል መንበርከክ ትችል እንደሆነ ጠየቁ። ሕገ ደንቡ ተገለጠ፤ የሚከለክል አልተገኘም። አቶ ኦይታ ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀመጡና ከዚህ በኋላ ማንም አይወጣም አሉ። ሊቀመንበሩ በመስኮት የመውጣት ሐሳብ አቅርበው ነበር፤ መስኮቱ በድንኳን የተዘጋ በመሆኑ ራሳቸው አነሡት።

የመጨረሻ ውሳኔ፦ በሦስቱም አጀንዳዎች የተወሰነው ሁሉ፣ የጸደቀው ስድብ ጭምር፣ እንዳልተወሰነ ይቆጠር። በ2000 ዓ.ም. የተወሰነውም ይሻር። ሻሺቱ ነገ ከመጀመሪያው ደቂቃ ትሰለፍ። የሐዋሳ ሰዎች ቢወስዷት ይውሰዷት፣ ባይወስዷትም ተጫውታ ትምጣ።

ጸሐፊዋ ጉልበቷ አልነሣ ስላላት ሻሺቱ ከውጭ ገብታ ደግፋ አነሣቻት፤ «እማማ ወለቴ፣ እርስዎ ደግሞ ምን ቤት ነዎት?» ስትልም ጠየቀቻት። ጸሐፊዋ በአጀንዳ 2 የታለፈ ተራዋን ያኔ ተናገረች፤ መልሷ ከአጀንዳ ውጭ ስለሆነ አልተመዘገበም።

ስብሰባው ከቀኑ 11፡45 ተዘጋ።