አንድ ጣት ክፍተት

አንባቢ ሆይ፣ መኪናውን ከመንዳት ይልቅ መለካት የሚወድ ሰው አጋጥሞዎት ያውቃል? እኔን አጋጥሞኛል። ጌታቸው ይባላል፤ ኦክላንድ ውስጥ ታክሲ ይነዳል። ዕድሜዋ ከእሱ የማያንስ ፒካፕ ገዛና ባሌስትራዋን አስቀንሶ፣ ሆዷ አስፋልት ሊነካ ትንሽ እስኪቀረው ድረስ ዝቅ አደረጋት።

ከዚያ የጎማ ምርጫ መጣ። አሥራ አራት ኢንች ወይስ አሥራ አምስት? ወርዱስ? ሁለት ወር ሙሉ ሜትር ይዞ ከሥሯ ተኛ። በመጨረሻ ሰፊ ጎማ ከአሥራ አምስት ኢንች ቸርኬ ጋር አስገባ። በጎማውና ከላዩ በሚከድነው ፓራፋንጎ መካከል የቀረው አንድ ጣት ብቻ ነው።

«ፐርፌክት ነው፤ ቼክ አድርገው» አለኝ፣ ኑዛዜ እንደሚያስፈርም ሰው ኮስተር ብሎ። ምን ልበል? ጣቴን ከትቼ ቼክ አደረግሁ።

በዚያው ሰሞን የጎረቤታችን የእማማ ዘውዴ ባል አረፉ። ለለቅሶው ወንበር ያስፈልጋል፤ ወንበር ያለው ሳን ሆዜ፣ ፒካፕ ያለው ጌታቸው ዘንድ ብቻ። ለለቅሶ ተጠይቆ እምቢ የሚል አበሻ አለ እንዴ? ስልሳ የብረት ወንበር ጫንን። መኪናዋ በሸክሙ ቁጭ አለች፤ ፓራፋንጎው ጎማውን ሲልገው መጥቶ መንገድ ላይ፣ ዩኒየን ሲቲ ስንደርስ አፈነዳው። ለቀስተኛው ሦስት ሰዓት ሙሉ ቆሞ ጠበቀን።

ጌታቸው እማማ ዘውዴ እግር ላይ ወደቀ።

«ይቅር ይበሉኝ እማማ፤ ስለካት እኮ ልክ ነበረች።»

«ስትለካት ምን ጭነህ ነበር?»

«ምንም።»

ሐዘንተኛዋ ነጠላቸውን አስተካክለው በእርጋታ አዩት።

«ልጄ፣ ባዶ ፒካፕማ ማን ይለምንሃል?»