የቮልሴ መጋጠሚያና የጀሞ ደጋግ ወንዶች

ኮፈኗ የተከፈተ መኪና አይቶ ዝም ብሎ የሚያልፍ ወንድ በዚህ አገር ገና አልተወለደም። ለቅሶ ይሂድ፣ ሰርግ ይሂድ፣ ቆም ይላል። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ አንገቱን ያሰግጋል። «ምን ሆና ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ መልስ ግን አይጠብቅም፤ መልሱ እሱ ዘንድ ነው። «ካንዴላ ነው» ይላል፣ ወይም «ባትሪ ነው»። ከዚያ ክራቫቱን ወደ ትከሻው ወርውሮ እጁን ይሰዳል። ዕድሜውን ሙሉ መሪ ጨብጦ የማያውቀው እንኳ እንዲህ ነው። እውነቱን ልንገራችሁና ይህን ባሕርይ ስወደው ኖሬአለሁ። መንገድ ላይ ስትቆሙ ሳትጠሯቸው መጥተው የሚገፉላችሁ ሰዎች ያሉበት ከተማ ስንት አለ? ብቻ መግፋት ሌላ ነው፣ ማጥበቅ ሌላ።

እኔ ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም። ስለ መኪና የማውቀውን ያስተማረኝ ባሌ ሽፈራው ነው፤ ነፍሱን ይማረውና። ቮልሷን የገዛት ገና ሳንጋባ ነው። ያኔ ቀለሟ የጥቅምት ሰማይ ነበር፤ አሁን ዝናብ ሊመጣ ሲል ያለውን ሰማይ ትመስላለች። መካኒሳ አቦ አጠገብ ጎጆ ስንወጣ ሰፈሩ ሣርና ጭቃ ስለነበር፣ ከእሷ ሌላ የሞተር ድምፅ የምንሰማው ወፍጮ ቤቱ ሲነሳ ብቻ ነው። እሁድ እሁድ ለቡ ሜዳ ወስዶ መንዳት አስተማረኝ። ለቡ ያኔ ጤፍና ሽንብራ ነው። አንድ ገበሬ በሬዎቹን አቁሞ ሲያየኝ ቆየና፣ «ሴትዮዋ በሬዎቼን እንዳትገጭብኝ» አለው ለሽፈራው። ለእኔ እንኳ አልነገረኝም። አልገጨሁም። ዛሬ በዚያ ሜዳ ላይ ፎቅ በቅሏል፣ የገበሬው ልጆች ብሎኬት ይሸጣሉ፣ እኔም እስከ ዛሬ እነዳለሁ።

ሽፈራው ነዳጅ ላይ ቀልድ አያውቅም ነበር። ቤንዚኑን የሚያመጣው ቱቦ ከካርቡሬተሩ ጋር የሚጋጠምበት ላይ አንዲት የነሐስ ብሎን አለች። እሷን ሲይዛት ብታዩት ሕፃን የሚያጥብ ነው የሚመስላችሁ። መጀመሪያ ሞተሩ እስኪበርድ ይጠብቃል። ሲጋራ የያዘ ካለ ከግቢ ያስወጣል፤ የገዛ ወንድሙን አስወጥቶት ያውቃል። ከዚያ የቱቦውን አፍና አፉ የሚያርፍበትን ቦታ በንጹሕ ጨርቅ ይወለውላል፤ አንዲት የአሸዋ ፍሬ መሀል ከገባች ማፍሰሷ አይቀርም ይላል። ብሎኗን በጣቱ ብቻ እስክትነካ ያዞራታል። ቀጥሎ ሁለት መፍቻ ያነሳል፤ ቱቦው እንዳይጠማዘዝ በአንዱ መጋጠሚያውን ደግፎ፣ በሌላው ብሎኗን ትንሽ፣ በጣም ትንሽ፣ ሳብ ያደርጋታል። አለቀ። «በቃ? ይቺው ናት?» ስለው «ከነካች ነካች፣ ከዚያ በኋላ ያለው ጉልበት ማሳየት ነው» ይለኛል። ሞተሩን አስነስቶ መጋጠሚያዋን በደረቅ ወረቀት ይዳስሳታል። ከሥሯ ጋዜጣ አንጥፎላት ያድራል። ጠዋት ጋዜጣውን ደረቅ ሆኖ ካገኘው ቁጭ ብሎ ያነበዋል።

ሰውንም የሚይዘው እንደዚሁ ነበር። ልጃችን አምሽታ በገባች ቁጥር እኔ ከላይ ከላይ ስጨምርባት፣ «ነገርሻት፣ ሰማችሽ፣ ነካ፤ አሁን ተያት» ይለኛል። እኔንም ቢሆን ዕድሜ ልኩን እንዲሁ ነው የያዘኝ። እስኪነካ። አንድም ቀን አላንጠባጠብኩበትም።

እሱ ካረፈ በኋላ ሰፈራችን ፈረሰና ጀሞ ኮንዶሚኒየም ገባሁ። ቮልሷም አብራኝ ገባች። በወር በወሩ ለአቦ መካኒሳ የምሄደው በእሷ ነው፤ ታክሲ ተሰልፌ፣ በወጣት ክርን ጎኔን ተወግቼ ሳይሆን፣ ነጠላዬን አጣፍቼ፣ መስኮቴን ዝቅ አድርጌ፣ እንደ ሰው። ዘንድሮ ክረምቱ እንደወጣ ግን ከኋላዋ ቤንዚን ቤንዚን መሽተት ጀመረች። ቮልስ ሞተሯ ከኋላ ነውና የኋላውን ኮፈን ከፈትኩ። ከመጋጠሚያዋ ሥር አንዲት ጠብታ ተንጠልጥላለች። ቀና ስል የመጀመሪያው ደግ ሰው ደርሷል።

ከምድር ቤቱ ያሉት ጡረተኛ ወታደር ናቸው። «ላልታ ነው» አሉና አጠበቋት። ደረቀች። በማግስቱ ጠብታዋ ስትመለስ የሦስተኛ ፎቁ ባንክ ሠራተኛ የሸሚዙን እጅጌ ጠቅልሎ አጠበቃት። የግቢው ጥበቃ አጠበቃት። አማቾቹን ሊጠይቅ የመጣ እንግዳ እንኳ፣ ስሙን ሳይነግረኝ አጥብቆልኝ ሄደ። አንዱ የልብስ ሳሙና ለቀለቀባት። ሌላው ነጭ የቧንቧ ቴፕ ጠመጠመላትና የታመመ አውራ ጣት አስመሰላት። ዝም ያልኩ እንዳይመስላችሁ። «ተዉ፣ ሽፈራው እንዲህ አያደርግም» አልኩ። «እማማ፣ እርስዎ አይድከሙ፣ አረፍ ይበሉ» ተባልኩ። የደረጃችን የውሃ ቧንቧም የሄደው እንዲሁ ነው፤ ያለፈ ያገደመው ሁሉ ሲያጠብቀው ከርሞ አንድ ቀን አንገቱ በእጃቸው ላይ ቀረ። ጠብታዋ ቀስ በቀስ ክር ሆነች።

በዚህ መሀል አቶ ንጉሤ በሬን አንኳኳ። የሕንፃችን ኮሚቴ ሰብሳቢ ነው፤ እሱም ሁለት ጊዜ አጥብቋታል።

«እማማ በላይነሽ፣ ሰው ፈርቷል» አለኝ። «ሥሯ ልጆች ይጫወታሉ፣ ከሰል የሚያያይዝ አለ። እስከ እሁድ ካልደረቀች ከግቢ ትውጣ ተብሏል።»

«ወዴት ነው የምትወጣው?»

«የድሮ መኪና የሚሰበስብ ሰው አውቃለሁ። በክብር ይይዝልዎታል።»

በክብር! ልቆጣው ፈለግሁና አቃተኝ። በእሳት ነገር አልከራከርም፤ ሽፈራው ራሱ ቢሆን ያስወጣት ነበር። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልያዘኝም። እሷ ከሄደች ሽፈራው ሁለተኛ ጊዜ ከቤቴ ሊወጣ ነው።

እያንጠባጠበች ልነዳት ስላልደፈርኩ መካኒኩን ሸምሱን ከለቡ አስመጣሁት። ሸምሱ ጎበዝ ነው፤ ጎበዝ መሆኑን ደግሞ ማንም ሳይጠይቀው ይናገራል። ጎንበስ ብሎ አየና ቀና አለ።

«ማዘር፣ ማነው በዚህ ጉልበት ያጠበቃት?»

«ማዘር አትበለኝ። ሕንፃው በሙሉ ነው።»

«ላልታ እኮ አይደለም! ጠብቃ ጠብቃ የቱቦው አፍ ተሰንጥቋል። ቴፑም ተበጣጥሶ ካርቡሬተር ሊዘጋ ነው። እኔ ብሆን ኖሮ…»

«አንተ ብትሆን የምታደርገውን አሁን አየዋለሁ።»

የተሰነጠቀውን ቆርጦ በመሣሪያ አዲስ አፍ አወጣለት፤ ብሎኗንም ቀየራት። ጨርቁን እኔ አቀበልኩት፣ ንጹሑን። አንድ መፍቻ ብቻ ሲያነሳ «ሌላውስ?» አልኩት።

«ማን አስተማረሽ ማዘር?» ብሎ ሳቀና ሁለተኛውን አነሳ። ሳብ አደረጋት። ደግሞ ሊጨምር እጁን ሲያመቻች አየሁት።

«ነካች?»

«ነክታለች።»

«እንግዲያው ተዋት።»

አጉረመረመ፤ ተዋት። ማታ ሽፈራው ካጠራቀማቸው ጋዜጦች አንዱን አነጠፍኩላት። ጠዋት ወርጄ ሳነሳው እንዳነጠፍኩት ነው። መሬት ቁጭ ብዬ እንደ እሱ አነበብኩት። ዜናው አርጅቷል። ግን ደረቅ ነው።

እሁድ አቶ ንጉሤ ሙሉ ልብሱን ለብሶ መጣ። ያጠበቁልኝ ሁሉ ከኋላው ተሰልፈዋል። ኮፈኑን ከፈትኩ፣ ሞተሩን አስነሳሁ፣ አጠፋሁ። አቶ ንጉሤ ጣቱን በመጋጠሚያዋ ዙሪያ አዞረ፣ አሸተተ፣ እንደገና አዞረ።

«ደርቃለች» አለ። «ትቀመጥ።»

እግዚአብሔርን ላመሰግን አፌን ስከፍት እጁን ኮት ኪሱ ውስጥ ከተተ። መፍቻ አወጣ። በእሁድ፣ በሙሉ ልብስ፣ መፍቻ!

«ለማንኛውም ግን እማማ፣ ነገ ተነገ ወዲያ እንዳትላላ፣ ትንሽ ጠበቅ ላድርጋት?»

ከኋላው ያሉት በአንድነት ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ንጉሤ» አልኩት፣ አቶውን ትቼ። «ነክታለች።» ኮፈኑን ዘጋሁትና ጀርባዬን አስደግፌው ቆምኩ፤ የመጨረሻው ሰው ደረጃውን እስኪወጣ ድረስ።

ከዚያ ሸምሱን አስጠርቼ ኮፈኑ ላይ ቁልፍ አስገጠምኩ። መክፈቻው ሽፈራው እሷን ሲጠግን ይለብሰው ከነበረው ካፖርት ኪስ ውስጥ ነው፤ አሁን ቤቴ ውስጥ ቤንዚን የሚሸተው ያ ካፖርት ብቻ ነው፣ እሱን ደግሞ የትኛውም ኮሚቴ አያስወጣብኝም። ጎረቤቶቼ «ሌባ ፈርታ ነው የቆለፈችው» ይባባላሉ አሉ። ይበሉ። ሌባ እኮ ቢመጣም ይሰርቃል እንጂ አያጠብቅም። እኔ የምፈራው ደጎቹን ነው።